ፀሐይ በጨረቃ እግር

መስከረም 18 ቀን 1966 ዓ.ም.
ጋይንት፣ ከቤተ ልሔም ማዶ

ለልጄ ለፈትለወርቅ ይርዳው፤ አዲስ አበባ

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። አንቺ ሰባ ስድስት ብለሽ ጽፈሻል፤ ያ የእናትሽ ቁጥር ነው። ነፍሷን ይማርና እናትሽ አልጣሽ የራሷን ሁለት ዓመት እየቀነሰች እኔ ላይ ትጭነው ነበር። በሰባ አራት ዓመቴ በሬዎቼን እኔው ጠምጄ እኔው እፈታለሁ። የዘንድሮውን ገብስ የዘራሁት እኔ ነኝ፤ ጎረቤት ያርስልኝ አላልሁም። ቤተ ልሔም ለቅዳሴ የምሄደው ብቻዬን ነው። በጾም ቀን ጥላዬን በእግሬ ለክቼ ለሰፈሩ ሰዓት የምነግረው ዛሬም እኔ ነኝ። ይህንንም ደብዳቤ በእጄ ጻፍሁት፤ ደብተራ አልለመንሁም። ከዳዊት ያለፈ አልተማርሁምና ፊደሉ ቢንጋደድ የኔው ነው።

ሰላምታ ሳላስቀድም የገባሁት ደብዳቤሽ ስላናደደኝ ነው። አሁን በረድ አልሁ። እንደምን ከርመሽልኛል? ክረምቱንስ እንዴት አወጣሽው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ከብቶቹም ደህና ናቸው።

የእግሬን ነገር የነገረሽ የሱፍ መሆኑ ገባኝ። የጨርቅ ነጋዴ ሥራው መዘርጋት ነው፤ ወሬውንም እንደ አቡጀዲው አርብ ገበያ ላይ ይዘረጋዋል። በሬው ረገጠኝ፣ አበጠ፣ ጎደለ፣ አለቀ። ፊደሉን ለምን እንዲህ አሳደጉት ላልሽው፣ የኔታ ያስተማሩኝ በትልቁ ነው። አንቺም ከእንግዲህ በትልቁ ጻፊ፤ ቀለም እንደ ቅቤ አትሰስቺ። ትንንሽ ፊደል ንቀት ይመስለኛል።

በሰኔ ሃያ ሦስት ፀሐይ ስትያዝ ምን አዩ ብለሻል። እኛ ዘንድ ደመና ነበር። ጎረቤታችን ካሣነሽ ዶሮዎቿ ያለ ሰዓታቸው ቆጥ ላይ ወጡ ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። እኔ ዶሮ አምኜ አልመሰክርም።

ዋናው ነገር ይኸውና። በየደብዳቤሽ «ይምጡና ከእኔ ጋር ይኑሩ» ትያለሽ፤ እኔም በየደብዳቤው እምቢ እላለሁ። ይህን ቤት አባቴ ሠራው፤ አንቺ ተወለድሽበት፤ እናትሽ ሞተችበት። ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው። አሁን ደግሞ ዓይኔን ተጠራጠርሽ። «የሱፍን ያወቁት በድምፁ ነው አሉ» ብለሽ ጻፍሽ። ሰውን በድምፁ ማወቅ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?

ይሁን። ፈተና ካልሽ ፈተናውን ላኪው። ያልሽውን ደግሜ ልጻፈው፣ ኋላ እንዳንካካድ። የተያዘችውን ፀሐይ ፎቶግራፍ ትልኪያለሽ። ጠርዟ ላይ ያለችውን እሳት በትክክል ከለካሁ፣ ዳግመኛ ይምጡ አትይኝም። ካልቻልሁ ለገና መጥተሽ ትወስጂኛለሽ፤ እኔም በሬዎቼን ለወንድሜ ልጅ ለጥጋቡ ትቼ ያለ ጭቅጭቅ እከተልሻለሁ። ተስማምቻለሁ። ብቻ ፍጠኚ። ገብሱ ሳይታጨድ ይለይልን።

አባትሽ ይርዳው ተክለሃይማኖት


ጥቅምት 6 ቀን 1966 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ይርዳው ተክለሃይማኖት

አባዬ፣ እንዳዘዙኝ በትልቁ ጽፌያለሁ። በአንድ ወረቀት የሚያልቀው አራት ሆነ፤ የሱፍ ሲያየው «መጽሐፍ ነው የምሸከመው?» ብሏል። በእሱ አይቆጡ። ስለ እርስዎ የነገረኝ እኔ እያስጨነቅሁት ነው።

ስላናደድኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዕድሜዎንም አርሜያለሁ።

ፎቶግራፉ በካርቶን መሃል ነው፤ ፊቱን በእጅ አይንኩት፣ ጠርዙን ይያዙ። ያነሳው አብሮኝ የሚያስተምር ህንዳዊ የፊዚክስ መምህር ነው። የሰማይ ነገር ሥራው ሳይሆን ፍቅሩ ነው፤ በገዛ ደመወዙ ከሞያሌ አልፎ ኬንያ ውስጥ ካለ ሐይቅ ዳር ድረስ ሄደ፣ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ የምትሸፈነው እዚያ ስለነበር። ፊልሙ ናይሮቢ ታጥቦ ነው የመጣው።

መሃል ላይ ያለው ጥቁር ክብ ጨረቃ ነው። ፀሐይ ፊት ቆሞ ሸፍኗታል። ዙሪያውን እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚነጣው የፀሐይ ብርሃን ነው። ከታች በስተቀኝ፣ ከጥቁሩ ጠርዝ ወጣ ያለች ቀይ ነገር አለች። እሷ ናት ነበልባሏ። ከፀሐይ ገላ የሚነሳ እሳት ነው፤ እንደ ምሰሶ ቆሞ ለቀናት ይቆያል ይላሉ።

ትልቅነቱን የምናውቀው እንዲህ ነው። የፀሐይ ስፋት፣ መሬታችን መቶ ዘጠኝ ጊዜ ብትደረደር የሚያህል ነው። ፎቶው ላይ ክቡ ከዳር እስከ ዳር መቶ አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር ሆነልኝ። ለመቶ ዘጠኝ ብናካፍለው መሬት ራሷ፣ ጋይንትም ስማዳም እስቴም ባሕሩም ውቅያኖሱም ተጨምሮ፣ በዚህ ወረቀት ላይ አንዲት የጤፍ ፍሬ ናት። እርስዎ የሚነግሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የነበልባሏ ቁመት በክቡ ስፋት ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል? እኔ የለካሁትን በወረቀት ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ፣ የትምህርት ቤቱ ፀሐፊ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሁለታችንም አንካካድ።

እውነቱን ልንገርዎ። አንድ የዓይን ሐኪም አነጋግሬ ለጥር 25 ቀጠሮ ይዣለሁ። እኔን ደስ እንዲለኝ ብለው ዓይንዎን አይጨቁኑት። ካልታየዎት አልታየኝም ይበሉኝ። ምንም አይጎድልብዎትም፣ በእኔ ዘንድ።

ልጅዎ ፈትለወርቅ


ጥቅምት 30 ቀን 1966 ዓ.ም.
ጋይንት

ለፈትለወርቅ

አልታየኝም እንድል ነው የምትፈልጊው? ታየኝ።

አክባሪሽ አባትሽ ደህና ነኝ። ፎቶው ደረሰ፤ የሱፍ አላጠፈውም፣ አመስግኝልኝ። ሳልመልስልሽ ሳምንት ያለፈው በሥራ ነው። ገብሱ በአንድ ጊዜ ደረሰ። ከላስታ በኩል ችግር የገፋቸው ሰዎች በመንገዱ ያልፋሉ፤ ሳያዩሽ ማለፍ አይችሉም፣ አንቺም ሳትሰጪ ማሳለፍ አትችዪም። ስለዚህ ስነሳ ስቀመጥ ከረምሁ።

ሚሊ ሜትር የምትዪው እኔ ዘንድ የለም። ቀጭን ክር ፈለግሁ። በዚህ አገር ቀጭን የምትፈትለው ካሣነሽ ናት። ታውቂያታለሽ፣ በድንበር ከተጣላን አምስት ዓመታችን ነው። ማሳዬን አንድ ትልም ገፍተህ አርሰህብኛል ትላለች። ቢሆንም ሄድሁ። ክር ስጪኝ ስላት «ክሩን ለምን? ከፈንህን በቁም ልትሰፋ ነው?» አለችኝ። ፀሐይን ልለካበት ነው ስላት ክሩን ይዛ ራሷ ተከትላኝ መጣች፤ ጉድ ሳያይ የሚቀር የለም።

ደጅ፣ ድንጋዩ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ተቀመጥን። ፎቶውን እሷ እንድትይዘው ሰጠኋት፣ እጄ የምርት አቧራ ስለነበረበት ነው። «ምን ይታይሻል?» አልኋት። እኔ አይቼዋለሁ፤ እሷ ምን እንደምትል ለመስማት ያህል ነው የጠየቅሁ።

«ጥቁር እንክብል አያለሁ። ዙሪያው ተባዝቷል» አለች።

«ቀይስ?»

«ከታች በቀኝ በኩል አንዲት ቀይ። ትንኝ አርፋበት ይሆን?» ልትጠርጋት ቃጣች፤ ጮህሁባት።

«ፀሐይ ናት አንቺ!»

«ፀሐይስ ጥቁር ሆናለች፣ ምን ቀራት?» አለች።

ክሩን በነበልባሏ ቁመት ልክ ቆረጥነው። ያንን ቁራጭ ከክቡ ዳር ጀምሮ መሃሉን አቋርጦ እየደጋገምን አስኬድነው። እሷ ክሩን ስታነሳ እኔ ለእያንዳንዱ አንድ ሽምብራ አስቀመጥሁ። ሦስት ጊዜ ለካን። አንዱ ካሣነሽ ስታነጥስ ተበላሽቶ ጥለነዋል። ሁለቱ ገጠሙ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሙሉ ገባ፤ የተረፈው ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል።

መሬት አንዲት ጤፍ ናት ማለትሽን ብነግራት ምን አለች መሰለሽ? «እንግዲያ አንተ ከዚያች ጤፍ ላይ ነው የኔን ትልም ገፍተህ የወሰድህ?» ብላ ሄደች። ክሩን እንኳ አልመለስሁላትም።

እንግዲህ ፖስታሽን ክፈቺ። ሳትውዪ ሳታድሪ መልሺ። የሱፍ በሚመጣው አርብ ይመለሳል ብሎኛል፤ እስከዚያ እኔ አጫጅም አይደለሁ፣ ወቂም አይደለሁ፤ ማሳና ቤት መሃል ስመላለስ ነው የምውል።

አባትሽ


ኅዳር 13 ቀን 1966 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለተከበሩ አባቴ

አባዬ አሸነፉ!

ፖስታውን በፀሐፊው ፊት ከፈትኩት። ነበልባሏ ስድስት ሚሊ ሜትር፣ ክቡ መቶ አሥራ ስምንት፤ ሲካፈል አሥራ ዘጠኝ ከግማሽ በላይ። እንዳሉት ነው፤ አንዲት ፀጉር አልሳቱም። ህንዳዊው መምህር «በመነጽር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በክር ነው ስለው አላመነም።

ስለዚህ መቶ ዘጠኙን መሬት ለዚህ ብናካፍለው ነበልባሏ አምስት መሬት ተኩል ትቆማለች ማለት ነው። ይህንኑ በታኅሣሥ ለወላጆች በምናሳየው ትርኢት ላይ በትልቁ እንጽፈዋለን።

ቃሌን እጠብቃለሁ። ከእንግዲህ ይምጡ አልልም። ለእርስዎ ብዬ በመስኮቱ በኩል አልጋ ገዝቼ ነበር፤ እሱ ላይ ደብተሮች ማረም ጀምሬያለሁ። ደስ ብሎኛል፣ ትንሽም ከፍቶኛል፤ ሁለቱም እውነት ነው። ዓይንዎ ደህና ከሆነ ሌላው ቀላል ነው። እንዲያው በከንቱ ስጠራጠር በመክረሜ ይቅር ይበሉኝ። ለእማማ ካሣነሽም ሰላምታዬን ያድርሱ፤ ስለ ክሩ አመሰግናለሁ ይበሏቸው።

ጾሙ ከነገ ወዲያ ይገባል። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ባዶ ሆድዎን ማሳ አይዋሉ።

ልጅዎ ፈትለወርቅ


ኅዳር 28 ቀን 1966 ዓ.ም.
ጋይንት

ለፈትለወርቅ

ያን ቁጥር እንዳትጽፊው። ጽፈሽው ከሆነ ፋቂው። ተሳስተሻል።

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ግን መቀመጫ አጥቻለሁ። ያሸነፈ ሰው ጠላ ጠጥቶ ይተኛል። እኔ ከረቡዕ ጀምሮ ከአውድማ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ አውድማ እላለሁ፤ ሰውም «ይርዳው ምን ጠፋበት?» ይላል። ምክንያቱን ልንገርሽ።

በእኛ ዘንድ ሰዓት እንዴት እንደሚለካ ልጅ ሳለሽ አይተሻል። ሰው ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የራሱ ጥላ ያረፈበት ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ከዚያ ጥላውን በገዛ እግሩ ተረከዙን ከጣቱ እያስከተለ ይቆጥራል። በኅዳር ዘጠኝ ጫማ ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ጾም ይፈታል። ረጅም ሰው ጥላውም ረጅም ነው፣ እግሩም ረጅም ነው። አጭርም ሰው እንደዚያው። ስለዚህ የሁሉም ቁጥር አንድ ይሆናል። ሕጉ አንድ ነው፦ ጥላን በባለቤቱ እግር።

ረቡዕ ዕለት ሰፈሩ አጨዳ ላይ ነበረ፤ ሁሉም ተርቧል። ሰዓቱን ንገረን አሉኝ። ቆምሁ። እግሬ ትንሽ አሞኝ ስለነበር «ጥጋቡ፣ አንተ ቁጠርልኝ» አልሁት። ጥጋቡ ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን አባቱም አጭር ነበረ፣ እሱም አጭር ነው፤ እግሩ የእኔን ሁለት ሦስተኛ ብትሆን ነው። የእኔን ጥላ በእሱ እግር ለካው። «ዘጠኝ ሞላ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ በላ።

መሪጌታ ወልደ ሰንበት በዚያው ሲያልፉ አዩን። የራሳቸውን ጥላ ለኩና «ይርዳው፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ሕዝቡን አስበላኸው» አሉኝ። እኔም ሰው ሁሉ እየሰማ «ይዋሻሉ መሪጌታ! እርስዎ ፊደል እንጂ ጥላ አያውቁም» አልኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

ማታውን ሳይሆን እዚያው፣ እንጀራው አፌ ውስጥ ሳለ ነው የገባኝ። የሰው ጥላ በሰው እግር። መሪጌታ ልክ ነበሩ። ወዲያው ደግሞ ያንቺ ፎቶግራፍ ትዝ አለኝ።

አንቺ ራስሽ ምን ብለሽ ጻፍሽ? «ጥቁሩ ክብ ጨረቃ ነው» አልሽ። ታዲያ መቶ ዘጠኝ መሬት የሚሰለፈው በማን ስፋት ነው፣ በፀሐይ አይደለም? አንቺ የለካሽው የማንን ነው? የጨረቃን። የፀሐይን እሳት በጨረቃ እግር ቆጠርሽው።

ሌላም አለ። የጎታ ክዳን ከጎታው አፍ ይሰፋል፤ ካልሰፋ አይከድንም። ፀሐይ ጨርሳ ከተሸፈነች ክዳኗ ይሰፋታል ማለት ነው። ከጎታው አፍ አንድ የገብስ ዛላ ወጥቶ በክዳኑ ጠርዝ ቢታይ፣ አንቺ የለካሽው ከክዳኑ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ከክዳኑ በታች የቀረውን የዛላውን ሥር ማን ይቁጠርለት? ነበልባሏ አንቺ ካልሽው ትረዝማለች። ስንት እንደምትረዝም እኔ አላውቅም። ያንን ህንድ ጠይቂው፤ በዚያ ቀን ክዳኑ ከጎታው በምን ያህል ይሰፋ ነበር በይው። የሚያውቅ ከሆነ ያውቃል።

ለልጆች የተሳሳተ ቁጥር ማስተማር ሰውን ያለ ሰዓቱ ማስፈሰክ ነው። ፍጠኚ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 14 ቀን 1966 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ይርዳው

አባዬ፣ ደብዳቤዎን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ሮጬ ህንዳዊውን መምህር ከክፍል አስወጣሁት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግንባሩን መታ። «ይህን እኔ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ ማን ነው ይህ ሰው?» አለኝ። አባቴ ነው፣ ገበሬ ነው አልኩት።

በዚያ ቀን ጨረቃ ለመሬት በጣም ቀርባ ስለነበር ከፀሐይ ከመቶ ስምንት እጅ ያህል ሰፍታ ትታይ ነበር። ስለዚህ ፎቶው ላይ መቶ አሥራ ስምንቱ የጨረቃ ነው፤ የፀሐይ ራሷ ስፋት መቶ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር አንድ መሬት ሆነ ማለት ነው። ፎቶው የተነሳው በጨለማው እኩሌታ ላይ ስለሆነ ክዳኑ በየጎኑ እኩል፣ አራት ተኩል አራት ተኩል ያልፋል። የሚታየው ስድስት፣ የተሸፈነው አራት ተኩል። ነበልባሏ አሥር መሬት ተኩል ናት! እኔ ግማሿን ቀብሬ ግማሿን ነበር የማሳየው።

ትርኢቱ ትናንት ነበር። ፎቶው ሥር እንዲህ ብለን በትልቁ ጻፍን፦ «የነበልባሉ ቁመት አሥር መሬት ተኩል። በዓይናቸው አይተው የለኩና ስሕተቱን ያረሙ፦ አቶ ይርዳው ተክለሃይማኖት፣ ገበሬ፣ ጋይንት።» ተማሪዎቹ እየመጡ ያነቡታል። አንዷ «መነጽር የላቸውም? መሣሪያስ?» አለችኝ። የሰባ አራት ዓመት ዓይናቸው ብቻ ነው ስላቸው አጨበጨቡ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ እንዳያዩኝ።

የሐኪሙን ቀጠሮ ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው። የአንዲት መምህርት እናት ወረፋ አጥተው ይጠብቃሉ። እስከ ጥር 15 ካሳወቅኩ ለእሳቸው ይዞርላቸዋል። በደስታ ነው የምሰጠው።

እግርዎ አሁንም አመመኝ ማለትዎ ብቻ አሳስቦኛል። በሬው የረገጠዎት በሐምሌ አልነበረም? ስድስት ወሩ እኮ ነው።

ልጅዎ ፈትለወርቅ


ታኅሣሥ 26 ቀን 1966 ዓ.ም.
ጋይንት

ለልጄ ለፈትለወርቅ

ቀጠሮውን አትስጪ።

ለዚያች መምህርት እናት ሌላ ቀን ይፈልጉላቸው፤ ስለ እኔ ይቅርታ ጠይቂያቸው። እንደምን አለሽ? እኔ ደህና አይደለሁም። ይህን የመጀመሪያው እውነት ብለሽ ያዥው።

በሬው አልረገጠኝም። ከቤተ ልሔም ስመለስ ገደሉ አፍ ላይ ያለችውን ቦይ አላየኋትም፤ ገባሁባት። ያወጣችኝ ካሣነሽ ናት፤ «ዓይንህ የት ሄዶ?» ስትለኝ «ለማንም ብትነግሪ ውርድ ከራሴ» አልኋት፤ ለማንም አልነገረችም። ግራ ዓይኔን ሞራ ከሸፈነው ሦስት ዓመቱ ነው። ቀኙም አምና ጀመረው። በትልቁ የምጽፈው ትንሹ ስለማይታየኝ ነው። ያንቺን ደብዳቤ ፀሐይ ላይ አፍንጫዬን አስነክቼ አንዱን ወረቀት በአንድ ቀን አነባለሁ። ረቡዕ ዕለት ጥጋቡን ቁጠርልኝ ያልሁት እግሬ ታሞ አይደለም። የራሴ ጥላ ራሱ የት እንዳረፈ አልታይ ብሎኝ ነው።

ፎቶግራፉ ላይ ያየሁት ጥቁር ነገርና ነጭ ነገር ነው። ቀይ አላየሁም። አንድም ቀን አላየሁም። ያየችው ካሣነሽ ናት፣ ክሩን የዘረጋችው ካሣነሽ ናት፣ «እዚህ ጋ አለቀ» ያለችው ካሣነሽ ናት። የኔው ሽምብራዎቹ ብቻ ናቸው።

ዝም ብል ቤቴ ይቀርልኝ ነበር። ዝም ልል ነበር፤ አልዋሽሽም። ደብዳቤሽን ይዤ ካሣነሽ ዘንድ ሄድሁ፤ ግድግዳው ላይ የጻፋችሁትን አነበብሁላት። እንዝርቷን አላቆመችም። «በዓይናቸው?» አለች። «በማን ዓይን?» እኔ ደብዳቤሽን አጠፍሁ። «ተወው፣ ዓይን እንደ ትልም አይደለም፣ ብትወስድብኝም አይጎድልብኝም» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አንቺን የፀሐይን ነገር በጨረቃ እግር ለካሽ ብዬ ተቆጣሁ፤ መሪጌታን በሰው ፊት አዋረድሁ፤ እኔ ራሴ የገዛ ዓይኔን በካሣነሽ ዓይን ለክቼ «ታየኝ» ብዬ ጽፌልሻለሁ። ይህ ስሕተት አይደለም፣ ያንቺው ስሕተት ነበር። የኔው ውሸት ነው።

ስለዚህ ተሸንፌያለሁ። ውል ውል ነው። ለገና መጥተሽ ውሰጂኝ ብዬ ነበር፤ ገና ሦስት ቀን ነው የቀረው፣ አትደርሺም፤ አትምጪ። የሚወስደኝ ሰው አልፈልግም። ጥምቀትን እዚሁ አክብሬ በማግስቱ ከየሱፍ በቅሎዎች ኋላ ነፋስ መውጫ በእግሬ እወርዳለሁ፣ ከዚያ በመኪና እመጣለሁ። የበቅሎዋን ጭራ ይዤ ከሄድሁ መንገዱን እሷ ታውቀዋለች። ሐኪሙ ዓይኔን ከከፈተው ለበልግ እርሻ እመለሳለሁ። ካልከፈተው መስኮቱ በኩል ካለው አልጋ ላይ ደብተርሽን አንሺ። ቤቱን ለማንም አልሰጠሁም፤ ቁልፉ ካሣነሽ ዘንድ ነው።

ከመነሳቴ በፊት ዕዳ አለብኝ። ገንዘብ ልላክ እንዳትይ፣ የገንዘብ አይደለም። ሁሉንም እኔው እከፍላለሁ።

ለመሪጌታ ወልደ ሰንበት ይቅርታ አለብኝ። ዋሹ ያልኋቸው በሰው ፊት ነውና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ድንጋይ ተሸክሜ ደጀ ሰላም እቆማለሁ። ድንጋዩን መርጫለሁ፤ ጥጋቡ ትንሽ ላምጣ ቢለኝ ተቆጣሁት።

ለጥጋቡ ራሱ የሁለት ቀን ውቂያ አለብኝ። የሰዓቱ ነገር ኋላ ሲሰማ ሰፈሩ የሳቀው በእሱ እግር ነው፤ ጥፋቱ ግን ቁጠር ያልሁት የኔ ነው። በሬዎቼን ይዤ አውድማው ላይ እወርዳለሁ። በሬ ለመዞር የጌታውን ዓይን አይለምንም።

ለእናትሽ የመቃብሯ ድንጋይ። ክረምቱ በግራ በኩል ንዶታል። እየዳሰስሁ እክበዋለሁ፤ ዛሬ ጀምሬው ጉልበት ድረስ ደርሷል።

ለካሣነሽ አንድ ትልም። ገፍቼ አርሻለሁ። ሳርስም አውቄ ነው። ማክሰኞ ሽማግሌ ጠርቼ፣ ገመዱን እሷ በገዛ እጇ ይዛ፣ ድንበሩን እመልሳለሁ። አርብ ደግሞ አርብ ገበያ ላይ፣ የሱፍ ጨርቁን በዘረጋበት፣ ፀሐይዋን ያየችው ይህች ናት ብዬ እናገራለሁ። እሷ ግን «ሽማግሌ ፊት ከቆምህ ይበቃኛል፣ ገበያውን ተወኝ» ብላለች። አልተውም።

ቀጥሎ የተማሪዎችሽ ነው። ያላየሁትን አየ ብለው አጨብጭበውልኛል፤ ጭብጨባ አይመለስም። ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ እስክመጣ እንዳለ ተዪው፤ እንዳትፍቂው፣ እንዳታርሚው፣ ቀድመሽም እንዳታስረጂልኝ። ያቺ መነጽር የላቸውም ወይ ያለችው ልጅ ከፊት ትቀመጥ። ገብቼ ቆሜ፣ ቀይዋን እኔ እንዳላየኋት፣ ያየችው ካሣነሽ የምትባል ፈታይ እንደሆነች እነግራቸዋለሁ። ያን ዕዳ አንቺ እንዳትከፍዪልኝ።

አባትሽ ይርዳው